ከቀለሙ ሥር ያለው ስም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በወደብ ስለሚታዩ አሮጌ የሽርሽር መርከቦች የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ሰሞኑን በርከት ብለው ስለደረሱን፣ የዛሬውን አምድ ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። በመልሶቹ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በቅርቡ ወደብ ላይ ቆሜ ሳለሁ አንዲት መካከለኛ መጠን ያላት ነጭ መርከብ ታስራ አየሁ። ከፊተኛው ጎኗ ላይ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ ስም አለ፤ ጠጋ ብዬ ስመለከት ግን ከዚያ ስም ሥር ሌላ፣ በነጭ የተሸፈነ፣ ከብረቱ በትንሹ ከፍ ያለ ጽሑፍ ያለ መሰለኝ። ዐይኔ አታሎኝ ይሆን? እውነት ከሆነስ የመርከቧን የቀድሞ ታሪክ በምን ማወቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ዐይንዎ አላታለለዎትም። የትልቅ መርከብ ስም ብዙውን ጊዜ በቀለም ብቻ አይጻፍም። ቀለምን ጨው ያነሳዋል፣ ፀሐይ ያደበዝዘዋል፤ ስለዚህ በያጁ የእያንዳንዱን ፊደል ዙሪያ በብየዳ መስመር ያወጣዋል፣ ቀቢውም ያንን መስመር ተከትሎ ውስጡን ይሞላዋል። መርከቧ ስትሸጥ አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ብየዳ አስፍቆ ብረቱን ማስተካከል ይችላል፤ ነገር ግን በመርከብ መጠገኛ ውስጥ እያንዳንዱ ቀን ገንዘብ ስለሚያስከፍል፣ በላዩ ላይ ቀብቶ ማለፉ የተለመደ ነው። እኩለ ቀን ላይ ምንም አይታይም። ፀሐይ ገና ስትወጣ ወይም ልትጠልቅ ስትል፣ ብርሃኑ የመርከቧን ጎን ታክኮ በሚያልፍበት ሰዓት ግን የፊደሎቹ ጠርዝ እንደ ክር የቀጠነ ጥላ ይጥልና ተቀብሮ የነበረው ስም ፊደል በፊደል ብቅ ይላል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ በዚህ መንገድ ሦስት ስሞች ተደራርበው አይቼ፣ ጥላው እስኪጠፋ ድረስ ከቦታዬ መነሣት አቅቶኝ ነበር።

ከስሙ ይልቅ የሚያስተማምነው ግን ቁጥሩ ነው። እያንዳንዷ ትልቅ መርከብ በዓለም አቀፉ የባሕር ጉዞ ድርጅት ሥርዓት መሠረት ሰባት አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር አላት፤ አሠራሩ በ1987 ተቀባይነት አግኝቶ ከ1996 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። ባለቤቷ ቢለወጥ፣ የምታውለበልበው ሰንደቅ ዓላማ ቢለወጥ፣ ስሟ አሥር ጊዜ ቢቀየር ቁጥሩ ያው ነው። ብዙውን ጊዜ ከኋላዋ፣ ከስሟና ከተመዘገበችበት ወደብ ስም በታች ያገኙታል፤ በመንገደኞች መርከብ ላይ ደግሞ ከአየር እንዲነበብ በላይኛው ወለል ላይ እንዲጻፍ ሕጉ ያዛል።

ከሩቅ ያነበቡት ቁጥር ትክክል መሆኑን ማጣራትም ይችላሉ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት አኃዞች በቅደም ተከተል በ7፣ በ6፣ በ5፣ በ4፣ በ3 እና በ2 አባዝተው ውጤቶቹን ይደምሩ፤ የድምሩ የመጨረሻ አኃዝ ከሰባተኛው አኃዝ ጋር አንድ መሆን አለበት። ለምሳሌ 5383304 የሚለውን ቁጥር እንውሰድ፦ 35፣ 18፣ 40፣ 12፣ 9 እና 0 ሲደመሩ 114 ይሆናሉ፤ የድምሩ መጨረሻ 4 ነው፣ ሰባተኛው አኃዝም 4 ነው።

የዚህ ቁጥር ባለቤት በስዊድኗ ጎተንበርግ ተሠርታ በ1948 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ሥራ የጀመረችው «ስቶክሆልም» ናት፤ ርዝመቷ 160 ሜትር ነበር። ጁላይ 25 ቀን 1956 ሌሊት፣ ከአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ወጣ ብሎ በናንተኬት ደሴት አካባቢ፣ «አንድሪያ ዶሪያ» ከተባለችው የጣልያን መርከብ ጋር ተጋጨች። በሁለቱም መርከቦች በድምሩ 51 ሰዎች ሞቱ፤ «አንድሪያ ዶሪያ» በማግሥቱ ሰጠመች። «ስቶክሆልም» ግን አፍንጫዋ ተጨፍልቆ፣ ከሌላኛዋ መርከብ የተረፉትን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጭና፣ በራሷ ሞተር ኒውዮርክ ገባች፤ እዚያም የተጨፈለቀው ብረት ተቆርጦ አዲስ ፊት ተሠራላት።

ብዙ ሰዎች ስለዚህች መርከብ የሚያውቁት እዚህ ላይ ያበቃል፤ ይህም ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ከዚያ ሌሊት በኋላ ከ60 ዓመት በላይ ሠርታለችና። በ1960 ምሥራቅ ጀርመን ገዝታት «ፎልከርፍሮይንድሻፍት»፣ ማለትም «የሕዝቦች ወዳጅነት» ተብላ የሠራተኛ ማኅበራት አባላትን ለዕረፍት ስታመላልስ 25 ዓመት ኖረች። በ1980ዎቹ «ፍሪትዮፍ ናንሰን» በሚል ስም ኦስሎ ወደብ ላይ ቆማ የጥገኝነት ጠያቂዎች ማደሪያ ሆነች፤ ናንሰን ራሱ ስደተኞችን በመርዳት የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘ ኖርዌያዊ በመሆኑ፣ ስሙ ለሥራው እንዲህ የገጠመላት መርከብ ያለች አይመስለኝም። ከዚያ በጣልያኗ ጄኖዋ እስከ ቀፎዋ፣ ማለትም እስከ ባዶ የብረት አካሏ ድረስ ተገፍፋ፣ አዲስ ሞተርና አዲስ ክፍሎች ገብተውላት፣ በ1994 «ኢታሊያ ፕሪማ» ሆና ወጣች። ቀጥሎ «ቫልቱር ፕሪማ»፣ «ካሪቤ»፣ «አቴና»፣ «አዞረስ»፣ በመጨረሻም «አስቶሪያ» ተባለች። በ2020 ሥራ አቁማ ሮተርዳም ላይ ለዓመታት ከቆመች በኋላ፣ በ2025 እንድትፈርስ ወደ ቤልጅየሟ ጌንት ተጎተተች።

ስለዚህ ጠያቂያችን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቁጥሩን ይዘው ይምጡ። ስሙ መርከቧ አሁን የማን እንደሆነች ይነግርዎታል፤ ማን እንደሆነች የሚነግርዎት ቁጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ የመርከብን ስም መቀየር ገድ የለውም ሲባል ሰምቻለሁ። ታዲያ ለምን ይቀይራሉ?

መልስ፦ ባሕረተኞች እንዲህ ይሉ እንደነበር እውነት ነው፤ ገበያው ግን አይሰማቸውም። የዛሬ የሽርሽር ኩባንያዎች የድርጅታቸውን ስም የመርከባቸው ስም አካል ስለሚያደርጉት፣ መርከቧን ሲሸጡ ስሙን ለገዢው ሊተዉለት አይችሉም። ገዢውም በተወዳዳሪው ስም መንገደኛ መጥራት አይፈልግም።

ጥያቄ፦ በአንድ ወደብ፣ በአንድ ቀን ጎን ለጎን የታሰሩ ሁለት መርከቦች አየሁ። መስኮታቸው፣ የነፍስ አድን ጀልባዎቻቸው አሰላለፍ፣ የጭስ ማውጫቸው ቅርጽ ሳይቀር አንድ ነው፤ ቀለማቸውና ኩባንያቸው ግን የተለያየ ነው። አንዱ የሌላውን ንድፍ ቀድቶ ነው?

መልስ፦ አልቀዳም፤ እኅትማማቾች ናቸው። መርከቦቹ 180 ሜትር ገደማ ርዝመትና 30 ሺህ ቶን ገደማ መጠን ካላቸው ያዩት ከስምንቱ የሬኔሳንስ እኅቶች ሁለቱን እንደሆነ መገመት ይቻላል። በመርከብ ዓለም ቶን ሲባል ክብደት ሳይሆን የውስጥ ስፋት መለኪያ መሆኑን በዚሁ አጋጣሚ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ሬኔሳንስ ክሩዝስ የተባለው ኩባንያ ከ1998 እስከ 2001 ድረስ በፈረንሳይ ሳን ናዜር ከተማ ስምንት ተመሳሳይ መርከቦች አስገነባ፤ ስም ለማውጣት እንኳ ሳይጨነቅ «አር አንድ» ብሎ ጀምሮ «አር ስምንት» ላይ ጨረሰ። የመጨረሻዋ በተረከበችበት ዓመት፣ በሴፕቴምበር 2001፣ ከኒውዮርኩ ጥቃት በኋላ ባሉት ቀናት ኩባንያው ከሰረ፤ ስምንቱም መርከቦች ገና አዲስ ሳሉ ባለቤት አልባ ሆኑ። ከዚያ በኋላ የሆነው ለእኔ ከመርከብ ታሪኮች ሁሉ አስደሳቹ ነው። ኦሺንያ የተባለው ኩባንያ በእነዚህ መርከቦች ሥራ ጀመረ፤ አዛማራ የተባለው ሌላ ኩባንያም የተደራጀው በእነርሱ ላይ ነው። «አር ሦስት» «ፓሲፊክ ፕሪንሰስ» ተብላ ሃያ ዓመት ገደማ ከሠራች በኋላ በ2022 «አዛማራ ኦንዋርድ» ሆነች። «አር ስምንት» ደግሞ «ሚኔርቫ ሁለት»፣ «ሮያል ፕሪንሰስ»፣ «አዶኒያ» እና «አዛማራ ፐርሱት» የሚሉትን ስሞች በየተራ ተሸከመች፤ «አዶኒያ» በነበረችበት ጊዜም በሜይ 2016 ከአሜሪካ ተነሥታ ሃቫና በመግባት ለአሥርተ ዓመታት ተዘግቶ የነበረውን የሽርሽር መስመር ከፈተች።

አስገንቢያቸው ኩባንያ ዓሥራ አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ጠፋ፤ መርከቦቹ ግን ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏቸዋል። ትንሽነታቸው ያኔ ድክመት ይመስል ነበር፤ ዛሬ ግን ግዙፎቹ የማይገቡባቸውን ወደቦች የሚከፍትላቸው ይኸው ትንሽነታቸው ነው።

ጥያቄ፦ አንዳንድ መርከብ 50 ዓመት አልፎት ሲሠራ እናያለን፤ በ2020 ግን ገና 30 ዓመት የሆናቸው ትልልቅ መርከቦች ሲፈርሱ በቴሌቪዥን ተመለከትን። ብረታቸው ደካማ ነበር ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ይህንንም ስሕተት ብዙ ሰው ስለሚጋራው ሰፋ አድርገን እንመልሰዋለን። በየጊዜው የሚጠገንና የሚቀባ ቀፎ ከብዙ ባለቤቶቹ ዕድሜ በላይ ይኖራል። መርከብን ከሥራ የሚያስወጧት በአብዛኛው ሕግ፣ ነዳጅ እና የመንገደኛው ፍላጎት ናቸው።

ከሕጉ እንጀምር። በኤፕሪል 1990 «ስካንዲኔቪያን ስታር» በተባለች የመንገደኞች መርከብ ላይ በተነሣ እሳት 159 ሰዎች ሞቱ። ከዚህ አደጋ በኋላ፣ ሶላስ ተብሎ የሚታወቀው የባሕር ላይ ሕይወት ደኅንነት ስምምነት በነባር መርከቦች ላይም ጠበቀ፤ ከኦክቶበር 1 ቀን 2010 ጀምሮም ተቀጣጣይ በሆነ ቁሳቁስ የተሠራ ውስጥ ያላት መርከብ በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ እንዳትሰማራ ተከለከለ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተሠሩት መርከቦች ውበታቸው የእንጨት ግድግዳቸው ነበር፤ ያ ግድግዳ አስወጣቸው። ለእንጨቱ ወዳጆች ብናዝንም፣ ሕጉ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ጭስ የሰው ነፍስ ለማጥፋት ደቂቃዎች ይበቁታል። አስቀድሞ የታደሰ ግን ተረፈ። በ1965 በምሥራቅ ጀርመን ቪስማር ከተማ «አሌክሳንደር ፑሽኪን» ተብላ ለሶቭየት ኅብረት የተሠራችው መርከብ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በግሪክ ውስጧ ተገፍፎ «ማርኮ ፖሎ» ተብላ እንደገና ስለተሠራች እስከ 2020 ድረስ ተጓዘች።

ነዳጅን በተመለከተ ከ«ፍራንስ» የበለጠ አስተማሪ ምሳሌ የለም። ይህች 316 ሜትር ርዝመት ያላት፣ በ1962 ሥራ የጀመረች የእንፋሎት መርከብ የፈረንሳይ ኩራት ነበረች፤ ነገር ግን አውሮፕላን መንገደኛዋን ወሰደባት፣ የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስም ወጪዋን አናረው፤ በ1974 ሥራ አቁማ ለአምስት ዓመታት በለ ሃቭር ቆመች። በ1979 አንድ የኖርዌይ ኩባንያ ገዛት። በጀርመኗ ብሬመርሃፈን ከአራቱ ፕሮፔለሮቿ ሁለቱን አስወልቆ በዝግታ በምትጓዝ የካሪቢያን የሽርሽር መርከብነት «ኖርዌይ» ብሎ ሲያሰማራት፣ ያው ቀፎ ተጨማሪ ሃያ ሦስት ዓመት እንጀራ አበላ። በዚያ ዘመን የነበሩት ባለሙያዎች እንዲህ ያለች ግዙፍ መርከብ ለሽርሽር አትሆንም ብለው ነበር፤ የዛሬዎቹ ግዙፍ መርከቦች ግን የእርሷን ፈለግ የተከተሉ ናቸው።

በጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ደግሞ በመርከብ ነዳጅ ውስጥ የሚፈቀደው የሰልፈር መጠን ከ3.5 በመቶ ወደ 0.5 በመቶ ወረደ። ባለቤቶች ወይ ውድ ነዳጅ መግዛት፣ ወይ ጭሱን የሚያጥብ መሣሪያ ማስገጠም ነበረባቸው፤ ለሠላሳ ዓመት መርከብ ደግሞ ይህ ወጪ ተመላሽ መሆኑ ያጠራጥራል። ይህንን ሂሳብ እያሰሉ ሳሉ ኮቪድ መጣ፣ ገቢው በአንድ ጊዜ ዜሮ ሆነ። በቴሌቪዥን ያዩት ቱርክ ውስጥ በአሊያጋ የባሕር ዳርቻ የሆነውን ይመስለኛል፤ በ1988 ሥራ ስትጀምር በግዙፍነቷ የተደነቀችው «ሶቨሪን ኦፍ ዘ ሲስ» እና በ1990 የወጣችው «ካርኒቫል ፋንታሲ» በዚያ ክረምት ጎን ለጎን ተቆራረጡ። ሁለቱም መንገደኛው አሁን እንደ ግዴታ የሚቆጥረውን የግል በረንዳ ለጥቂት ክፍሎች ብቻ የሚሰጡ ነበሩ።

ጥያቄ፦ አንዲት የሽርሽር መርከብ በአንድ ወደብ ለወራት ሳትንቀሳቀስ መብራቷ እየበራ ቆማ ነበር። ሽርሽሩን ከተወች ምን ትሠራለች?

መልስ፦ ብዙ ነገር። መርከብ የራሷ የኤሌክትሪክ ማመንጫ፣ የመጠጥ ውኃ ማምረቻ፣ ወጥ ቤት፣ ክሊኒክና በመቶዎች የሚቆጠሩ መኝታ ክፍሎች ያሏት፣ ወደ ተፈለገችበት የምትሄድ መንደር ናት፤ ስለዚህ በድንገት ብዙ ሰው ማደሪያ በሚያጣበት ስፍራ ሁሉ ትጠራለች። በ2022 ከዩክሬን የተሰደዱ ሰዎች ሮተርዳም ላይ በቆመችው «ፎለንዳም» ውስጥ ለወራት ኖረዋል፤ መርከቧ ከዚያ በኋላ ወደ ሽርሽር ሥራዋ ተመልሳለች። ያዩዋት መርከብም እንዲህ ባለ ሥራ ላይ የነበረች ልትሆን ትችላለች፤ ወይም ገዢ እየጠበቀች፣ ማሽኗ እንዳይበላሽ በጥቂት ባሕረተኞች እየተጠበቀች ይሆናል።

ተማሪ ቤት የሆኑም አሉ። በ1998 በጀርመኗ ኪል የተሠራችው «ዶይችላንድ» የትምህርት ዓመቱ ሲሆን «ወርልድ ኦዲሲ» ተብላ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ይዛ ትዞራለች። ሆስፒታል የሆነችም ነበረች፤ በ1953 በጣልያን የተሠራችው «ቪክቶሪያ» በ1978 ተገዝታ «አናስታሲስ» በሚል ስም በየወደቡ ነጻ ቀዶ ሕክምና ስትሰጥ ኖራ በ2007 ጡረታ ወጣች። ሆቴል ሆነው የቀሩትም ይታወቃሉ፦ «ኩዊን ሜሪ» በሎንግ ቢች፣ «ሮተርዳም» በስሟ በምትጠራው ከተማ፣ «ኩዊን ኤልዛቤት ሁለት» በዱባይ። ሆቴልነቱ ክብር ያለው መጨረሻ ቢመስልም ቀላል ሥራ አይደለም፤ የማትንቀሳቀስ መርከብ ዝገቷ አይቆምም፣ ቀፎዋን ለማስጠገን ደግሞ እንደ ልቧ ተነሥታ አትሄድም።

ያልተሳኩ ሙከራዎችም አሉ። በ1991 «ሪጋል ፕሪንሰስ» ተብላ የወጣችው መርከብ በ2020 «ሳቶሺ» ተብላ በፓናማ አቅራቢያ የዲጂታል ገንዘብ ወዳጆች መኖሪያ እንድትሆን ተገዝታ ነበር፤ የመድን ሽፋን ባለመገኘቱ ሐሳቡ ከሸፈ፣ ለመፍረስ ተቃርባ ሳለች ሌላ ገዢ ደርሶላት በ2022 «አምቢየንስ» በሚል ስም ወደ ሽርሽር ተመለሰች።

በመኖሪያነት የምትጠቀሰው ግን በ1993 «ክራውን ዳይናስቲ» ተብላ በስፔን የተሠራችው ናት። «ብሬማር» በነበረችበት ዘመን በ2008 ከመካከሏ ተቆርጣ 31 ሜትር ተጨመረላት፤ በ2019 ከነዚያ ሁሉ ሜትሮቿ፣ 22.5 ሜትር ስፋቷን ይዛ፣ 24 ሜትር ገደማ በሆነው የግሪክ ቆሮንቶስ ቦይ ውስጥ የቋጥኙን ግድግዳ ልትነካ ምንም ሳይቀራት አለፈች። በማርች 2020 የኮቪድ ሕሙማን ተሳፍረውባት ወደቦች ሁሉ ሲከለክሏት ያስጠጋቻት ኩባ ነበረች። በ2024 «ቪላ ቪ ኦዲሲ» ተብላ፣ ክፍሎቿን ለዓመታት የያዙ ነዋሪዎችን ተሸክማ ዓለምን ልትዞር ተዘጋጀች፤ ጥገናው ተራዝሞ ነዋሪዎቿ ቤልፋስት ላይ አራት ወር ያህል ከጠበቁ በኋላ በሴፕቴምበር መጨረሻ ተነሣች። ቁጥሯ 9000699 ነው፤ ከላይ ባሳየነው ስሌት ቢሞክሩት ድምሩ 99 ይመጣል።

ጥያቄ፦ አንዲት መርከብ የመጨረሻ ጉዞዋ ላይ መሆኗ በምን ይታወቃል? ከዚያስ ወዴት ትሄዳለች?

መልስ፦ ስሟን ይመልከቱ። ለመፍረስ የተሸጠች መርከብ ለአንድ ጉዞ ብቻ አዲስ ስም ማጻፍ ስለማያስፈልጋት፣ ከነባሩ ስም ጥቂት ፊደሎች በቀለም ይሸፈኑና የቀሩት አዲስ ስም ይሆናሉ። የኩባንያዋ ምልክት ከጭስ ማውጫዋ ላይ ይደመሰሳል፣ ከኋላዋ የተጻፈው የምዝገባ ወደብም ይለወጣል። ነዳጅና ውኃ ስለሚቀንስላት ከባሕሩ በላይ ከወትሮው ከፍ ብላ ትታያለች፤ ሌሊት ደግሞ ከመስኮቶቿ ብዙዎቹ ጨለማ ናቸው።

ከዋነኞቹ መድረሻዎች አንዱ በሕንድ ጉጃራት የሚገኘው አላንግ ነው። ባሕሩ በሚሞላበት ሰዓት መርከቧ በራሷ ኃይል፣ ካልቻለችም ተጎትታ፣ ወደ ዳርቻው ትገባለች፤ ውኃው ሲሸሽ ጭቃው ላይ ትቀራለች፣ ሠራተኞችም ከፊቷ ጀምረው ይቆራርጧታል። ሥራው ብዙ ሰው የገደለና ያቆሰለ፣ ባሕሩንም የበከለ በመሆኑ በ2009 የሆንግ ኮንግ ስምምነት ተፈረመ፤ ሥራ ላይ የዋለው ግን በጁን 2025 ነው። አሥራ ስድስት ዓመት መጠበቁ አግባብ አልነበረም። ብረቱ ቀልጦ እንደገና ብረት ይሆናል፤ ወንበሩ፣ አልጋው፣ ሳህኑ፣ የክፍል በሩ ሳይቀር ወደ አላንግ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ በተደረደሩት ሱቆች ይሸጣል።

«ኖርዌይ» የሆነችው «ፍራንስ»ም የፈረሰችው እዚያ ነው። በሜይ 2003 ማያሚ ወደብ ላይ ቦይለሯ ፈንድቶ ስምንት ባሕረተኞች ሞቱ፣ ከዚያ በኋላ መንገደኛ አልጫነችም፤ በ2006 «ብሉ ሌዲ» በሚል ስም አላንግ ደረሰች። ከመቆራረጧ በፊት ግን የአፍንጫዋ ጫፍ ተነጥሎ ተቀመጠ፣ በ2009 ፓሪስ ውስጥ በጨረታ ተሸጠ፤ አሁን የሚገኘው አምስት ዓመት ሥራ ፈትታ በቆመችበት በለ ሃቭር ወደብ ዳር ነው።